ጀርባ ላይ የወጣው ሽፍታ

አክስቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት፣ አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን የሚቆም ጠረጴዛ አላት፤ ከላይ ቀለሙን ፀሐይ የላሰው ጥላ፣ ከሥር እሷ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብላ ስትጀምር ኖራ፣ ሰፈሩ ስሟን ረስቶ «እትዬ በርዕሱ» ይላታል። ባሏን ለምሳ ስትጠራው እንኳ «ከላይ በርዕሱ» ብላ ነው እየተባለ ትታማለች። ሐሜቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ግን እውነት ነው።

የልቧ ምኞት ልብ ወለድ መጻፍ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ባዶ ወረቀት ይዛ ስትቀመጥ እጇ በራሱ ጊዜ «ለሚመለከተው ክፍል» ብሎ ይጀምራል፤ የፍቅር ታሪኳም «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር» ብሎ ያልቃል።

አንድ ቀን የተበላሸ ማመልከቻ ልትቀድ ስትል ገለበጠችው። ከፊቱ አንድ ሰውዬ የውኃ ቆጣሪ ይቀየርልኝ ብሎ ይለምናል። ከጀርባው ላይ፣ በእሷ እጅ፣ ቆጣሪው ራሱ መለሰለት፦ «ገላውን ሲታጠብ የሚዘፍነውን ዘፈን አሥራ አንድ ዓመት የቻልኩት እኔ ነኝ። መቀየር ካለበት እሱ ይቀየር።» አጠገቧ የሚሠራውን ቁልፍ ቀራጭ ሳቅ ሞረዱን አስጣለው።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ጠፋ ማለት ጨዋታ መጣ ማለት ሆነ። ቁልፍ ቀራጩ «ቁልፉን የጠላ በር» ብሎ ርዕስ ይወረውርላታል፤ እሷ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ታሪክ ታበጅለታለች። ካልሳቀ ሻዩን እሱ ይጠጣዋል። መጀመሪያ ሰሞን ሰውየው ከሻዩ ብዛት መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ነበር የሚውለው። በኋላ በኋላ ግን በውኃ ጥም ሊሞት ደረሰ።

«ሐሳብ እኮ እንደ እንግዳ ነው» አለችኝ ምሳ ሳደርስላት። «ከቤት ሳቅ ካልሰማ አያንኳኳም። በግድ ግባ ስትይው ይኮራል።»

እንዲህ እጇ ተፍታቶ ሳለ፣ አንድ ቀን እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ አንድ የመጋዘን ዘበኛ መጣ። ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቷል። ዛሬ ከሰዓት በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ካላቀረበ ይባረራል። አምስት ልጆች አሉት፤ ፊደል አይለይም።

«ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አለችው።

«ሽፍታ ወጥቶብኝ ነው ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

«ሽፍታ?»

«አዎ። አላስተኛ፣ አላስቀምጥ አለኝ።»

«ብዙ ነው?»

«ኧረ ይተዉኝ። አንዱ ሄደ ስል ሌላው ይመጣል።»

ቆዳ ላይ የሚወጣውም ሽፍታ፣ ጫካ የሚገባውም ሽፍታ፣ በአማርኛችን አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። በደህናው ቀን ቢሆን የትኛው እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። ያን ዕለት ግን ቁልፍ ቀራጩ «ጀግና መሆኑን ያላወቀ ጀግና» ብሎ ወርውሮላት ሻይዋ ገና እየጨሰ ነበር። እጇ ሮጠ፤ ሁለት ገጽ ተኩል። ሽፍታው ጢሙን በገመድ ያስራል። ዘበኛው ባዶ እጁን፣ በፉጨት ብቻ፣ ሦስት ቀን መንገድ ይዘጋበታል። ሽፍታው መውጫ ሲያጣ ድልድይ ሥር ይደበቃል።

ዘበኛው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ፤ አመስግኖ ሄደ።

«ሰውዬው ግን» አለ ቁልፍ ቀራጩ በዓይኑ እየሸኘው፣ «ለምንድን ነው ያገኘው ግድግዳ ላይ ሁሉ ጀርባውን የሚያክከው?»

አክስቴ አየችኝ። አየኋት። ከዚያ እትዬ በርዕሱ ጥላዋን ከነእንጨቱ ነቅላ፣ እንደተዘረጋ ይዛው መሮጥ ጀመረች፤ እኔም በሳቅ እየተንፈራፈርኩ ከኋላ።

ስንደርስ የመጋዘኑ ኃላፊ ወረቀቱን ይዟል፤ ዘበኛው ፊቱ ቆሟል።

«ሽፍታው አሁን የት ነው ያለው?»

«ጀርባዬ ላይ ነው ጌታዬ።»

ኃላፊው አንገቱን አስግጎ ከዘበኛው ኋላ አየ።

«ስንት ይሆናሉ?»

«ማን ይቆጥረዋል። ትናንት ደግሞ ወደ ሆዴ መውረድ ጀምሯል።»

«ታዲያ ምን አደረግከው?»

«ቅባት ቀባሁት።»

«ሽፍታውን?»

«ሚስቴ ናት የቀባችው። የኔ እጅ መች ይደርሳል።»

«እዚህ ላይ ጢሙን በገመድ ያስራል ይላል።»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «እሱን እንኳ አላየሁትም ጌታዬ፤ ከኋላዬ ስለሆነ።»

አክስቴ ከነጥላዋ ገባች። «ጥፋቱ የኔ ነው። የሱ ሽፍታ የቆዳ ነው፤ ጫካ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በኔ ጨዋታ የሰው እንጀራ አይዘጋ።» ወደ ዘበኛው ዞር አለችና «ሸሚዝህን ግለጥ» አለችው።

ማስረጃው ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀይ በቀይ ሆኖ ታየ። ኃላፊው ጀርባውን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁ እስኪወጣለት ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ሐኪም ይይህና ሰኞ ሥራህ ግባ» አለው እንባውን እየጠረገ። አክስቴን ደግሞ «እርስዎ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ» አላት። «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት» ብላ ጻፈች፤ «ሰውነቱ ላይ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረች። ከዚያ ሁለት ገጽ ተኩሉን ልትቀድ እጇን ሰደደች። ኃላፊው መዳፉን ጫነበት።

«ይሄ እዚሁ ይቆይ። ሽፍታው ድልድዩ ሥር ገባ። ከዚያስ?»

አክስቴ ጥላዋን አጠፈች፤ ወንበር ሳበች።

«መጀመሪያ ሻይ ይዘዙ» አለች።

ዘበኛውም አልሄደም። ጀርባውን በበሩ መቃን እያከከ ጆሮውን አቀና።