አጥሩ ሥር የቀረው ሰውዬ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ ቻርጅ የማደርግባት ሱቅ አለችኝ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ጌም አጫውታለሁ። ከሰሊጥ እርሻ የሚመለሱት የጎንደር ልጆች አብልጠው የሚወዱት አንድ ሰውዬ ከዘብ ተደብቆ ድንበር የሚያልፍበትን ጌም ነው። ክፍሉ ብዙ ነው። የመጨረሻው ሲያልቅ ሰውዬው አጥር ሥር እንደተኛ ዘቡ ፊቱን ያዞራል፣ ስክሪኑም ይጠቁራል። ይለፍ ይያዝ አይናገርም። ክርክሩን ግን እኔ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

በጣም የሚከራከሩት ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንደኛው ወደ ሊቢያ ሊሄድ ደላላ ይዟል።

"አልፏል" ይላል እሱ። "ዘቡ ፊቱን ያዞረው ጉቦ በልቶ ነው።"

"የሚያሲዝህ እኮ የበላው ነው" ይላል ጓደኛው። "የከሻ ቀን አላየህም? ትናንት የበላው ፖሊስ ነው መጥቶ የሚያፍሰን።"

"አንተማ የገላባትን ድንበርም የተሻገርከው ዓይንህን ጨፍነህ ነው። ጋሼ፣ እስቲ አንተ ፍረድ።"

"መብራት ሳይሄድ ተጫወቱ" አልኳቸው። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም ነጋዴ በደንበኞቹ መሀል አይፈርድም።

ተጓዡ በሳምንቱ ሄደ። እስካሁን አልደወለም። ጓደኛው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ስልኩን ይሰካል፤ ሞልቶም አይነቅለውም። ትናንት አዲስ የመጡ ልጆች ጌሙን ጨርሰው "በቃ ተይዟል" ሲሉ ሰማቸው።

"አልፏል" አለ ከተቀመጠበት። "ዘቡ በልቷል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አይደል ጋሼ?"

"ከበላማ አልፏል" አልኩት።

በደንበኞች መሀል ስፈርድ የመጀመሪያዬ ነው።