ፊልም የሚያነብ ስካነር ፍለጋ

አባቴ ሆሳዕና ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ከተወ በኋላ በአንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የፎቶዎቹ ፊልሞች፣ ኔጋቲቮቹ፣ ያሉበት ሣጥን ውሃ ገባው። ስንከፍተው የሻጋታው ሽታ ሰነፈጠን። ከፊሉ ፊልም እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ የቀረውንም ሻጋታ ጀምሮታል። አባቴ አንዱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ ካየው በኋላ፣

«ይኼ ነገር ጊዜ አይሰጠንም። በዚያ በኮምፒውተርሽ አስቀሪልኝ» አለኝ።

ኮምፒውተሬ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። በየፍላሹ እየገባ ሥራዬን የሚበላው ቫይረስ ቢያማርረኝ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጭነውን ይህን ሲስተም ጭኜ በሰላም ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስካነር መግዛት ሲመጣ ግን ጣጣው ተጀመረ። ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ ገጹ እስኪከፈት እየጠበቅሁ አነበብሁ። ለፊልም ብቻ የተሠሩት ጥሩዎቹ በእኛ አቅም የሚታሰቡ አልነበሩም። ወረቀትም ፊልምም ያነባል የሚባለው ጠፍጣፋው ስካነር ዋጋው ይቀመሳል፤ ሆኖም በሊኑክስ ወረቀት እንጂ ፊልም አላነብ እንዳላቸው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። የቀረው ትንሽ ሣጥን የመሰለ ዕቃ ነው። ፊልሙን ራሱ ፎቶ አንሥቶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሚያስቀምጥ ኮምፒውተሩ ምንም ይሁን ምን ግድ የለውም። ጥራቱን ግን ያመሰገነ ሰው አላገኘሁም።

የሊኑክሱን ሲዲና አንድ ፊልም ይዤ አዲስ አበባ ሄድሁና አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጠፍጣፋውን አወረደልኝ።

«ሁሉንም ይሠራል እህቴ፣ ዝም ብለሽ ውሰጂ።»

«የአንተን ኮምፒውተር በዚህ ሲዲ አስነሥተን እንሞክረው?»

«ቢበላሽብኝስ?»

ስለምነው ቆይቼ ፈቀደ። ወረቀቱን አጥርቶ አነበበ። ፊልም ስናደርግበት ግን ክዳኑ ውስጥ ያለው መብራት አልበራም፤ የወጣው ድፍን ጥቁር ነበር። ትንሿን ሣጥን ገዛሁ። ምናልባት ገንዘብ እስክናጠራቅም መታገሥ ነበረብኝ እያልሁ ወደ ሆሳዕና ተመለስሁ።

ሥራውን እንደጀመርን አንዲት እናት እዚያው ሀዲያ ውስጥ ካለችው ከቦኖሻ መጡ። የጭነት መኪና ረዳት የነበረው ልጃቸው መንገድ ላይ ሞቶባቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ፎቶ ደግሞ ከቤታቸው ጋር ተቃጥላለች። ልጁ ሥራ ሊቀጠር ሲል ጉርድ ፎቶ ያነሣው አባቴ ነበር። ፈልገን ፊልሙን አገኘነው፤ ነገር ግን አብጧል፣ ጠርዙም መላጥ ጀምሯል። ወደ ሣጥኗ የሚገባው ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ነው።

«አባዬ፣ ይላጣል። ደህና ስካነር እስክናገኝ እናቆየው» አልሁት።

አባቴ በሀዲይኛ አስረዳቸው። እሳቸው ፊልሙን ሳይሆን እሱን እያዩ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«‹እኔ እስከዚያ ካልቆየሁስ?› ነው የሚሉት።»

ፊልሙን መያዣው ላይ አድርጌ ገፋሁት። በሣጥኗ ትንሽ ስክሪን ላይ ልጁ ብቅ አለ። ግራ ጉንጩንና ጆሮውን ሻጋታ በልቶታል፤ ዓይኖቹ ግን ደህና ነበሩ። እናቱ ስሙን ጠሩት፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ የሚመልስላቸው ይመስል። ፎቶ የሚያነሣውን ቁልፍ ተጫንሁ። ፊልሙን ሳወጣው ምስሉ ያለበት ሽፋን ተልጦ መያዣው ላይ ቀረ፤ በእጄ የያዝሁት ባዶ ላስቲክ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም። አባቴ ግን አይቷል።

ፎቶውን አትመን ሰጠናቸው። በሻሻቸው ጠቅልለው፣ አባቴን መርቀው ሄዱ።

«ከዚህ የተሻለ ከእንግዲህ አይወጣም አይደል?» አለኝ አባቴ።

«አይወጣም።»

ከዚያ ያበጡትን ፊልሞች ለብቻ ለየና «እነዚህን አታስገቢ» አለ። ጥሩውን ስካነር ሳንገዛው ቀረን። አባቴ አልፎ አልፎ የለያቸውን ፊልሞች ያኖረበትን ካርቶን ከፍቶ ያሸትና መልሶ ይከድነው ነበር።