በገበያ ቀን ብቻ ኑ

ደባርቅ ላይ የማኔጅመንት ተማሪ ሳለሁ፣ በመጨረሻው ዓመት በየቡድኑ ተከፋፍለን አንድ እውነተኛ ድርጅት ፈልገን ስትራቴጂክ ዕቅድ እንድናወጣለት ታዘዝን። ያለዚያ ምረቃ የለም። እኔ፣ ከጎንደር የመጣው የቡድኑ መሪና አንድ ዝምተኛ የአዲ አርቃይ ልጅ አንድ ላይ ደረሰን።

ድርጅት ማግኘቱ እንዳሰብነው አልሆነም። ነጋዴዎቹን ሥራችሁ እንዴት ነው ስንላቸው ከግብር ቢሮ የተላክን እየመሰላቸው ፊታቸውን ያጠቁሩብናል። በሰሜን ተራሮች ወደ ሳንቃ በር ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራዩትም ነገ ኑ እያሉ አመላለሱን። ጊዜው ራሱ ሰው ሰውን የማያምንበት ነበር፤ እስክሪብቶ የያዘ እንግዳ ካዩ ጨዋታቸውን የሚያቋርጡ ብዙ ነበሩ።

በመጨረሻ አክስቴ፣ ዳባት ላይ ወፍጮ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ጠቆመችኝ። ሄደን ስንነግራት አንድም ነገር ሳትጠይቅ እሺ አለች። "ብቻ በገበያ ቀን ኑ፤ በሌላ ቀን አይመቸኝም" አለችን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የአዲ አርቃዩ ልጅ ነገሩን አነሳው። በገበያ ቀን የወፍጮ ቤት ወረፋ ከደጅ ያልፋል፤ የማይመቸው እንዲያውም ያ ቀን ነው አለ። መሪያችን እሺ የሚል ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎት ስለነበር አቃለለው። ነገሩ ግን ከልቤ ገባ።

በየገበያው ቀን ሄድን። ዱቄት የማይደርስበት ክፍል እያላት አግዳሚውን መንገድ ዳር አውጥታ፣ እህል ይዘው ከተሰለፉት ሰዎች ፊት ታስቀምጠናለች። ላፕቶፓችንን እንድንከፍት ትፈልጋለች፤ ባትሪው አልቋል ብንላትም "ክዳኑን ብቻ ክፈቱት" ትለናለች። ለሚያልፈው ሁሉ "የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ወፍጮው ነው የመጡት" እያለች ታስተዋውቀናለች። ተማሪ የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ስለ ራዕይና ስለ ተልዕኮ ስንጠይቃት ዓይኗ ከእኛ አልፎ መንገዱን ይሻገራል።

አንድ ቀን ዓይኗን ተከተልኩ። ከማዶው ሱቅ ጥግ ጋቢ የለበሰ፣ ጠና ያለ ሰው ዱላውን ተደግፎ ያየናል። በሚቀጥለውም ገበያ እዚያው ነበር። ማን እንደሆነ ስንጠይቃት "መንገደኛ ነው" አለችን። መንገደኛ ግን በየሳምንቱ አንድ ቦታ አይቆምም። የአዲ አርቃዩ ልጅ፣ ሴትዮዋ በእኛ ስም የሆነ ነገር እየሠራች ነው፣ ነገ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን አለ። መሪያችን ደግሞ አሁን ድርጅት ብንቀይር አንደርስም አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ስለዚህ እየጠረጠርን መሄዳችንን ቀጠልን።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ጠራችን። ለዕቅዱ የሚሆን ነገር ልትነግረን መስሎን ሄድን። ስንገባ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው የነፍስ አባቷ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ያ ባለ ዱላ ሰውዬ። የሟች ባሏ ወንድም ኖሯል። ወፍጮውን ከወንድሜ ጋር ነው የተከልነው፣ እኔ ልያዘው ብሎ ነው ሽማግሌ የተቀመጠው። እኛን ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጠችን። ያን ጊዜ የመንግሥት ሰው መስለን እንድንታይላት እንደተፈለግን ገባኝ።

ቄሱ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁን። "ልጆቼ፣ እናንተን ማን ነው የላካችሁ?"

እኔ መለስኩ።

"ማንም አልላከንም፣ አባ። ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያችን ነው የምንመጣው፤ በወፍጮው ላይ ምንም ሥልጣን የለንም።"

ሴትዮዋ ፊቷ አልተለወጠም። ሰውዬው ግን ትክ ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። "ማንም ያልላከው ሰው በየሳምንቱ ከደባርቅ ድረስ አይመላለስም" አለ።

እውነቱን መናገሬ ይብስ አስጠረጠረው። ከጀርባችን አንድ መሥሪያ ቤት እንዳለ፣ ብዙ ከገፋ ወፍጮው ከሁለቱም እጅ እንደሚወጣ አመነ። ብዙ ከተባባሉ በኋላ ልጆቿ እስኪያድጉ ወፍጮውን እሷ እንድትይዝ፣ እሱ የቤቱን እህል ሳይከፍል እንዲያስፈጭ ተስማሙ።

ስትሸኘን "ለምን አልነገሩንም?" አልኳት።

"ብነግራችሁ ትመጡ ነበር?"

አንመጣም ነበር። ተናድጄባት ነው የተለየኋት። ሰውዬው በወፍጮው ላይ እውነተኛ ድርሻ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የእሷ ወገን መስዬ ብቀመጥም የሰማሁት የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው።

ዕቅዳችንን አቅርበን ጥሩ ውጤት አገኘን። ስጋት በሚለው ርዕስ ሥር የመብራት መቆራረጥን ጻፍን፤ ስለ ሰውዬው አንድ ቃል አላነሳንም።

ከተመረቅኩ በኋላ ወደ ጎንደር ስሄድ መኪናው ዳባት ላይ ለምሳ ቆመ። ወፍጮ ቤቱ ጎራ አልኩ። ሚዛኑ አጠገብ ዱቄት ለብሶ ጆንያ የሚያነሳው ያ ባለ ዱላ ሰውዬ ነበር። ቀማት ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው እሷ ከሞተሩ ክፍል ወጥታ ሳመችኝና ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"እኔው ነኝ ና ሥራ ያልኩት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ማዶ ቆሞ ከሚያየኝ እዚህ አጠገቤ ሆኖ ባየው ይሻለኛል።"

ሰላም ስለው በአንገቱ ብቻ መለሰልኝ። የመኪናው ጡሩንባ ጠራኝና ወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ እሱ ሚዛኑን እያነበበ ለገበሬው ይናገራል፤ እሷ ከኋላው ቆማ እጁን ታያለች።