ሚዩት ያላደረግሁት ጸሎት

ዛሬ ጠዋት እግዚአብሔርን ስቆጣው የጸሎት ቡድናችን በሙሉ ሰማኝ።

ባለቤቴ ኮቪድ ይዞት ሆስፒታል ነው። እኔን ስለማያስገቡኝ ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነበር በዙም የገባሁት።

የሁሉም «ተመስገን» ሲበዛብኝ፣ «ጌታ ሆይ፣ እሱን ካላዳንክልኝ ምን ብዬ ነው የማመሰግንህ?» ብዬ ጮህኩ። ለካ ድምፄን ሚዩት አላደረግሁም!

ሁሉም ጸጥ አሉ። (ያን ሁሉ ሀበሻ ዙም ላይ ጸጥ ማሰኘት ራሱ ተአምር ነው።)

ባለፈው ዊንተር ባላቸውን የቀበሩት እትዬ ዘነበች ግን፣ «የኔ ልጅ፣ እኔም ካመሰገንኩት ቆየሁ» አሉኝ። «አኩርፌውም ጥሎኝ አልሄደም።»

ከዚያ ማንም «ተመስገን» ሳይል ሁሉም አብረውኝ አለቀሱ።

ሐኪሙ እስካሁን ኮል አላደረገም። እኔም ከጌታ ጋር ገና አልታረቅሁም፤ አጠገቤ እንዳለ ግን አውቃለሁ።

እናንተስ፣ አኩርፋችሁት ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ መቼም ዛሬ ስልኬን ከእጄ አላወርድም።