አመራር የተባለው ወንድሜ

«አመራር» በሚለው ቃል ብዙ ዓመት ስቄያለሁ። መምህር በነበርኩ ጊዜ ሰዋስው የማስተምረው በእሱ ነበር። አነጋገር፣ አካሄድ፣ አለባበስ፣ አበላል፤ ሁሉም አንድ ድርጊት እንዴት እንደሚፈጸም የሚገልጹ ቃላት ናቸው። አመራርም ከእነሱ ወገን ነው፤ የመምራት ሁኔታ ማለት ነው። «ሦስት አለባበሶች መጥተው ምሳ በሉ» የሚል ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል። «ሦስት አመራሮች መጥተው ምሳ በሉ» ሲባል ግን በግ የታረደላቸው ሰዎች መሆናቸው ለማንም አይጠፋም።

«መሪ» የሚለው ቃል ምን አጥፍቶ እንደተባረረ የነገረን የለም። የእኔ ግምት እንዲህ ነው፦ መሪ ሰው ነው፣ ፊት ፊት ይሄዳል። ፊት የሚሄድ ሰው መንገድ ሲስት ይታያል፤ «ወዴት ነው የወሰድከን?» ተብሎም ይጠየቃል። አመራር ግን ሁኔታ ነው፤ ሁኔታን ማን ይጠይቃል? «አመራሩ አቅጣጫ አስቀምጧል» ይሉናል። አቅጣጫው የት እንደተቀመጠ ፈልጎ ያገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን በየሻይ ቤቱ እያወራሁ ሰው አስቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን ስቆልኝ አያውቅም። እሱ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። በመንደራቸው ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ አለ። በበጋ ውሃውን ለድንቹና ለሽንኩርቱ በተራ የሚያካፍል ሰው መንደርተኛው ራሱ ይመርጣል፤ የውሃ አባት ይሉታል። ሥራው ተራ ማስጠበቅ፣ ቦይ ማስጠረግና መሰደብ ነው። ወንድሜ ስድስት በጋ ተሰድቧል።

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የውሃ አባቶችን ሁሉ መዘገበና «የመስኖ ኮሚቴ አመራር» አላቸው። ከዚያም ፍኖተ ሰላም ጠርቶ ሦስት ቀን አሠለጠናቸው። ወንድሜ የሰነበተው እኔ ቤት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቡሬ አብረን ተነሣን፤ እኔ ለቅሶ ልደርስ፣ እሱ ወደ ቤቱ። የሥልጠናውን የምስክር ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከትቶታል።

መናኸሪያ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

«አመራሩ፣ ይግቡ እንጂ! እርስዎማ ፊት ነው የሚቀመጡት።»

«አያ፣ ተው» አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ አያ ብሎ ነው።

«ተው ያሉት ትእዛዝ ነው ወይስ አቅጣጫ?»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሌሎቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«በሞትኩት ተው። ይኸ ቃል አሁን አያስቅም።»

እንደማያስቅ አውቅ ነበር። በዚያ ዓመት አመራር የተባሉ ሰዎች በታጣቂዎች ከመንገድ ይወሰዱ ነበር። የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። እኔ ግን ይህን የማውቀው ወሬ እንደሚታወቅ ነበር እንጂ የወንድሜን ፊት ከወሬው ጋር አገናኝቼ አላውቅም።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን የታጠቁ ወጣቶች አስቆሙን። አንደኛው በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ከመካከላችሁ አመራር አለ?» አለ። ጥያቄውን ሲደግመው ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «እኔ እንጃ… እኒያን ፊት ያሉትን አመራሩ ሲሏቸው ሰምቻለሁ» አለ። ክፋት ያለበት ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ወንድሜን አወረዱት።

«አንተ ነህ አመራሩ?»

«አይደለሁም። ገበሬ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አንቱ ተባልክ? ጸጉርህ እንደሆነ አልሸበተ።»

ተከትዬ ወረድኩ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቀልድ ነው» አልኩ።

«ታናሽህን አንቱ ትላለህ?»

«ለፌዝ ነው።»

«በማን ነው የምታፌዘው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የማውቀው አንድ መድኃኒት ማስረዳት ነው። «አመራር ማለት እኮ በሰዋስው ሲታይ የሰው ስም አይደለም፣ የሁኔታ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በል፣ ሽማግሌ!» አለኝ። ሽማግሌ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

ኪሱን ሲፈትሹ የምስክር ወረቀቱ ወጣ። ከስሙ ቀጥሎ ያ ቃል በደማቁ ተጽፏል። ወጣቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሁለቱ ወንድሜን በክንዱ ይዘው ከመንገዱ ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ ይገፉት ጀመር። ወደ እኔ አልዞረም።

ይኼኔ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነጠላቸውን እየሳቡ ከመኪናው ወረዱ። የወንድሜ መንደር ሰው ናቸው፤ በዓይን አውቃቸዋለሁ።

«ወዴት ነው የምትወስዱት? ማክሰኞ ተራዬ ነው!»

«እናቴ፣ ይግቡ።»

«አልገባም! ይኸ ሰው ሁለት ተራ በልቶብኛል። ሽንኩርቴ በቆመበት ደርቋል። እሱን ከወሰዳችሁት ውሃዬን ማን ይመልስልኛል? እናንተ ትመልሳላችሁ?» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተ ዓይን አውጣ፣ ምን ይዘጋሃል? ንገራቸው እንጂ! ውሃዬን ለአማችህ አልሰጠህም?»

«ኧረ አልሰጠሁም፣ እትዬ፤ ቦዩ ተሰብሮ እኮ ነው።»

«ሁልጊዜ በእኔ ተራ ነው የሚሰበር?»

ወጣቱ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

«የውሃ አባት ነኝ።»

«እና ቀድሞ እንዲህ አትልም? የእኔም አጎት የውሃ አባት ነበር፤ ሲሰደብ ነው የኖረ።»

ለቀቁት። ወረቀቱን ግን አልመለሱም። ወጣቱ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና «ስምህን ይዘነዋል። ሁለተኛ በዚህ ማዕረግ እንዳንሰማህ» አለ።

ቡሬ እስክንደርስ ሴትዮዋ ስለ ሽንኩርታቸው ብቻ ተናገሩ። ሊያድኑት አስበው ይሁን የምር ተናደው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስንወርድ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ «አያ፣ ቃል የምታውቅ አንተ ነህ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለ።

ጻፍኩለት፤ ከውሃ አባትነት ለቅቄያለሁ የሚል አጭር ደብዳቤ። በማግስቱ ቡሬ ወዳለው የመሥሪያ ቤቱ ቢሮ አብረን ይዘነው ሄድን። ደብዳቤውን የተቀበለን ሰው ትሑት ነበር፤ የደከመውም ይመስላል። የእሱም በር ላይ ተለጥፎ የነበረው ማዕረጉ ተልጦ የማጣበቂያው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«የውሃ አባት የሚባል በመዋቅራችን የለም። ከሌለ ቦታ እንዴት ይለቀቃል?» አለ።

እዚያው ጠረጴዛው ላይ «ከአመራርነት» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። ያን ቃል ያለ ፌዝ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውየው አነበበና ከመሳቢያው የአመራሮቹን ዝርዝርና አንድ ቅጽ አወጣ።

«ጥሩ። እንግዲህ የሚተካውን አመራር ስም እዚህ ሙላ። ዝርዝሩ ክፍት መሆን አይችልም።»

ወንድሜ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። እኔ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «አንዱን ጻፍና እንገላገል» አልኩት።

ከመንገዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

«ማንን? ጥራ እስኪ፣ አያ።»

የቦዩን ተጠቃሚዎች አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። እናታችን የሞተች ጊዜ ድንኳን የተከሉት እነሱ ናቸው። አንድ በአንድ አሰብኳቸው። አንዱ ሦስት ሴት ልጆች አሉት። አንዱ በየሳምንቱ እህል ጭኖ በዚያው መንገድ ይመላለሳል። አንዱን አልወደውም፤ በእሱ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ግን የእሱንም ስም አልጠራሁም።

ወንድሜ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደመው። «ይቅር፤ እኔው ልሁን» አለ።

ሰውየው የወንድሜ ስም ያለበትን ዝርዝር ወደ መሳቢያው መልሶ ዘጋው። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ዋናውን መንገድ ረግጦ አያውቅም፤ ቡሬ ገበያ ሲወጣም በወንዙ ዳር ዞሮ ነው የሚመጣው።