ለውሻ የሰጠሁት ራት

ልጅ ሳለሁ ከዚህ ዓለም አጥብቄ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደብረ ማርቆስን ማየት። ከቡሬ ብዙም በማትርቅ የገጠር ሰፈር ከወላጆቼ ጋር የምኖር፣ ቡሬ ከተማ እየተመላለስሁ ስድስተኛ ክፍል የምማር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከቤታችን ሰው ደብረ ማርቆስን ያየ አባቴ ብቻ ነው፤ እሱም ለመሬት ክስ ሄዶ ነበርና ያወራልን ስለ ችሎቱ እንጂ ስለ ከተማው አልነበረም። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ፍኖተ ሰላም ላይ ተሰብስበው በሩጫ ይወዳደራሉ፤ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን ደግሞ መኪና መጥቶ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ደብረ ማርቆስ ይወስዳቸዋል። እኔ እሮጥ ነበር። በትምህርት ቤታችን ከሴቶቹ የምትቀድመኝ አልነበረችም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ወሩ ጥር ነበር። በእኛ አገር ጥር በቆሎ የሚፈለፈልበት ወር ነው። ራት ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ ቤተሰቡ ምድጃውን ይከባል፤ የደረቀው በቆሎ በመሐል ይከመራል፤ ትልቁም ትንሹም እየፈለፈለ ፍሬውን ወደ ስልቻ፣ ቆረቆንዳውን ወደ እሳቱ ይወረውራል። የቆረቆንዳ ነበልባል ወዲያው ይከስማል፤ ፍሙ ግን ቀልቶ ይቆያል፣ ጭሱም ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፤ ዛሬም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ከመጣብኝ መዳፌን የሚበላኝ ይመስለኛል። ኩራዟ ምሰሶው ላይ ተሰቅላ ከምታበራልን ይልቅ የምታጨስብን ይበዛ ነበር። እኛ ልጆቹ ግን ብርሃኑንም ጭሱንም ከቁብ ሳንቆጥር ዐይናችንን የምንተክለው አያ አንዳርጌ ላይ ነበር።

አያ አንዳርጌ የአባቴ አጎት ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ በበቅሎ ጨው ጭነው ከቡሬ ዓባይን ተሻግረው ወለጋ ይወርዳሉ፣ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። እናታቸው የአገው ሰው ስለነበሩ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ፤ በቅሎ ሲያናድዳቸው ግን በአገውኛ ብቻ ነበር የሚቆጡት። ተረታቸው ሁሉ መንገድ ላይ ይጀምርና መንገድ ላይ ያልቃል። ነገሥታትና ቆንጆ ልጃገረዶች አይገኙበትም፤ ወንዝ፣ ዳገት፣ ሽፍታ፣ ጅብና እልኸኛ በቅሎ ግን ሞልተውበታል። የአንድ ሰው እጅ መፈልፈሉን ካቆመ ተረቱም ያቆማል። «እጅሽ ሲሠራ ጆሮሽ ይከፈታል» ይሉ ነበር፤ እውነት ይሁን ሥራ ማሠሪያ ዘዴ እስካሁን አልለየሁትም።

አበላላቸውም የመንገደኛ አበላል ነበር። ጠዋት ሲነሡ ከምንም በፊት አንድ ቅል ውኃ ይጠጣሉ። ቀጥሎ በሶ። ማታ ወጡ ምንም ይሁን ምን ጎመን ካልቀረበ «ምነው፣ ጓሮው ተቀየመን?» ብለው እናቴን ይጠይቃሉ። ቀስ ብለው ስለሚያላምጡ ሁላችን ጨርሰን ስንነሣ እሳቸው ገና መሐል ላይ ናቸው፤ በቃኝ ያሉ እንደሆነም ማንም ቢለምናቸው አይጨምሩም። ይህን ሰምታችሁ መናኝ አድርጋችሁ እንዳታስቧቸው። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ፣ ለሠርግ ጠጅ ሲቀዳ፣ ከአያ አንዳርጌ እኩል የሚደሰት ሰው አልነበረም። «በዓመት በዓል ጉርሻ የሚቆጥር ሰው ጎረቤቴ አይሁን» ይሉ ነበር።

እኔ ግን ያንን ጥር ጉርሻ መቁጠር ጀመርሁ። ነገሩን ያመጣችው ውዴ የምትባል የክፍል ጓደኛዬ ናት። ወንድሟ ከአዲስ አበባ ለጥምቀት መጥቶ፣ ሯጭ የሚባለው ሰው አይበላም፣ ቢበላም እንደ ወፍ ነው፣ ሆድ ሲቀል እግር ይቀላል ብሎ ነገራት። እሷም ለእኔ ነገረችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይሳሳታል ብሎ ያኔ ማን ያስባል? በዚያው ቀን ማታ ጀመርሁ። ራት ላይ «ጥጆቹን ላስር» ብዬ ድርሻዬን በእንጀራ ጠቅልዬ እወጣና ደጅ ለሚጠብቀኝ ደፋር ለተባለው ውሻችን እሰጠዋለሁ። ጠዋትም ቁርሴን «በመንገድ እበላዋለሁ» ብዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ደፋር እስከ መጀመሪያው ወንዝ ይሸኘኛል፤ ወንዙ ዳር ቁርሱን በልቶ ይመለሳል። የምቀምሰው ቀን ላይ ውዴ የምታካፍለኝን እፍኝ ቆሎ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ልምምድ ላይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ሁልጊዜ ከኋላዬ የሚቀሩ ልጆች አለፉኝ፤ አንድ ቀን ዐይኔ ጭልም ብሎብኝ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ አልሁ። ማንም ልጅ ቢሆን እዚህ ላይ «ርቦኛል» ይላል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነበርሁና «ገና አልቀለልሁም ማለት ነው» አልሁ። ያን ቀን ውኃውንም ተውሁት።

ውድድሩ ሐሙስ ሊሆን ሰኞ ማታ እንደ ወትሮው እሳቱን ከበን እንፈለፍል ነበር። ደፋር በሩ ላይ መጥቶ ተዘረጋ። አያ አንዳርጌ በቆሎ ይዘው አዩት፤ አስቀምጠውም አዩት።

«ጥሩዬ» አሉኝ፣ «ደብረ ማርቆስ የሚሮጠው ይኸ ውሻ ነው እንዴ? ስንቁን በወገቡ ይዟልሳ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እውነትም ደፋር ጎኑ ተወጥሮ፣ አንገቱ ጠፍቶ ነበር፤ ጅብ ሲጮኽ እንኳ ተኝቶ ነው የሚጮኸው። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርሁ፤ ፊቴ ግን ሲግል ይሰማኛል። አያ አንዳርጌ አልጠየቁኝም። አዲስ በቆሎ አንሥተው ተረታቸውን ጀመሩ።

«እኔም ገና ጢም ሳላወጣ፣ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችኝ። ከወለጋ ስንመለስ ቀድሞ ቡሬ የገባ ሰው ስሙ በገበያው ይነሣል። እኔም ስሜ እንዲነሣ ፈለግሁ። ባልንጀሮቼ ወንዝ ባገኙ ቁጥር ጭነት አራግፈው በቅሎ ያጠጣሉ፤ ገብስ ያበላሉ፤ ራሳቸውም ቁጭ ብለው በሶ ይበጠብጣሉ። እኔ ዝም ብዬ አለፍሁ። የበቅሎ ሆዷ ከቀለለ እግሯም ይቀላል አልሁ።»

እጄ ቆመ። አያ አንዳርጌ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተረታቸውን አላቆሙም።

«የመጀመሪያውን ቀን ቀደምኋቸው። ዘፈንሁ። በማግሥቱ የዓባይን ዳገት ስንጀምር በቅሎዋ ቆመች። ለመንኋት። ሰደብኋት። አማርኛው አልገባት ይሆናል ብዬ በአገውኛ ሰደብኋት። ከነጭነቷ ዘፍ ብላ ተኛች። ባልንጀሮቼ ከኋላ ደረሱብኝ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ሳይቀር ‘ደኅና ዋልህ ወይ?’ እያለ ያልፈኛል፤ እኔም ከተኛች በቅሎ አጠገብ ቆሜ ‘እግዚአብሔር ይመስገን’ እላለሁ። አሥራ ስድስት ጊዜ አመሰገንሁ።»

እናቴ ሳቋ አላስቀምጥ ብሏት ስልቻውን ተደገፈች።

«በመጨረሻ የሲራራው አለቃ ደረሱ፤ ሽማግሌ ናቸው። ጭነቷን አወረዱላት። አንድ እፍኝ ገብስ፣ ትንሽ ውኃ፤ ቆይተው ደግሞ ሌላ እፍኝ። እኔ ቶሎ ትነሣልኝ ብዬ አቁማዳውን እንዳለ ላቀርብላት ስል እጄን መቱኝ። ‘አንተ ልጅ፣ ዳገት የሚወጣው በትናንት ገብስ ነው’ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ ቡሬ ገባሁ፤ ግማሹን ጭነት በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ። ስሜማ ተነሣ! ዓመት ሙሉ ነው የተነሣው!»

ሁሉም ሲስቅ እኔ አለቀስሁ። ለቅሶዬ ስለ ተያዝሁ አልነበረም። ሒሳቡ ገብቶኝ ነው። ዳገት የሚወጣው በትናንት ከሆነ የእኔ ትናንት ደፋር ሆድ ውስጥ ነው ያለው። «አያ» አልኋቸው እየተንሰቀሰቅሁ፣ «ውድድሩ ሐሙስ ነው። ትናንትን ከየት ላምጣው?» ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናዘዝሁ፣ ጥጃውንም፣ ወንዙንም፣ ውኃውንም።

እናቴ «ኧረ ወየው ልጄን!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ያለውን እንጀራ፣ ያለውን አይብ፣ የነገውን ሁሉ ይዛ ተመለሰች። አያ አንዳርጌ ግን ከሌማቱ ላይ ቆጥበው አንድ እንጀራ፣ ጎመን፣ ከአይቡም ትንሽ አቀረቡልኝ፣ አንድ ዋንጫ እርጎም ጨመሩ። «ዛሬ ሰኞ ነው» አሉኝ። «ሐሙስ ስትደርስ ዛሬም ትናንት ትሆናለች። በይ ብዪ፤ ቀስ እያልሽ።»

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቀናት እንደዚያ አሳለፍሁ። ጠዋት ውኃና በሶ፣ ማታ ከሁሉም ጋር ገበታ ላይ ተቀምጬ። ረቡዕ ጾም ነበርና የባቄላ ንፍሮና ተልባ ነበረን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ንፍሮ የለም። አያ አንዳርጌ ትምህርት ቤት ድረስ እየሸኙኝ በመንገዳችን ባሉት ሁለት ወንዞች ላይ ከያዙት ቅል አስጎነጩኝ። «ሳትጠሚ ጠጪ» ይሉኛል፤ «ጥም ከመጣ በኋላማ ወንዙ ይርቃል።» መንገደኛው ሁሉ ደኅና አደሩ ሲላቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉና ወደ እኔ ዞረው ይጠቅሱኛል።

ሐሙስ ዕለት በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ሄድን። አያ አንዳርጌ መቅረት እምቢ ብለው ከተማሪዎቹ መሐል ትርፍ ጎማ ላይ ተቀምጠው መጡ። ሜዳውን አራት ዙር ነበር የምንሮጠው። የመጀመሪያውን ዙር በደስታ ሮጥሁ፤ ጉልበቴ ታዘዘኝ፣ ዐይኔም አልጨለመም። በሦስተኛው ዙር ሁለት ልጆች ቀድመው ሄዱ። ለሦስተኛነት ከአንዲት የጅጋ ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆንን። መጨረሻው ላይ ከእሷ ውስጥ የተቀመጠ ጉልበት ሲወጣ አየሁ፤ እኔም ከውስጤ ያንኑ ፈለግሁ፤ አልነበረም። በአንድ እርምጃ ቀደመችኝ። አራተኛ ወጣሁ።

ሜዳው ዳር ካለ ዋርካ ሥር ሄጄ ሳለቅስ አያ አንዳርጌ አገኙኝ። «ተነሺ፣ ምሳ እንብላ» አሉ።

«አልበላም» አልኋቸው።

«ምነው፣ አልራበሽም?»

«ተሸንፌአለኋ!»

ግንባራቸውን ቋጠሩ። የምሬን መሆኑን ለማወቅ ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሆድሽ ነው» አሉኝ። እጄን ይዘው መንገድ ዳር ወዳለች ትንሽ ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቲቱ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት፤ አቧራዬንና ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ቁጥሬን አይታ «ይቺ ልጅ አሸንፋ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይ፣ አላሸነፈችም» አሉ አያ አንዳርጌ። «ርቧታል።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህ ከበቂ በላይ ምክንያት ነው እንደ ማለት። የሚንተከተክ ሽሮ በሸክላ ድስት፣ ጎመን ከጎኑ፣ አንድ ጣሳ ውኃም አቀረበችልን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሱኝ አያ አንዳርጌ ናቸው። ያኔ ነው የተረዳሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንጀራን ለአሸናፊ የሚሰጥ ሽልማት፣ ረሃብንም ለድል የሚከፈል ግብር አድርጌው ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ አራተኛ ወጥቼ፣ ደብረ ማርቆስን አጥቼ፣ አንድ እንጀራ ከነጭማሪው በላሁ፤ ማንም ይገባታል አይገባትም አላለኝም። በልቼ ስጨርስ ሳቅሁ። ስለምን እንደሳቅሁ ዛሬም አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ ቀረ፤ ዘመኑ ለሩጫ የሚመች አልነበረም። ደብረ ማርቆስን ያየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሙዝ እየበላሁ ነው። አባቴ ስለ ከተማው ዝም ማለቱ ትክክል ነበር ብዬ ልጻፍ ብል ማርቆሶች ይቀየሙኛልና ልተወው።

ከአያ አንዳርጌ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ሽፍቶቹ ተደባልቀዋል፣ የወንዞቹን ስም ረስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ከሩጫ በሚከብዱ ነገሮች ተሸንፌአለሁ፤ በፈተና ወድቄአለሁ፣ ከሥራ ተባርሬአለሁ፣ የምወደው ሰው ጥሎኝ ሄዷል። ነገር ግን በተሸነፍሁበት ቀን ራት ሳልበላ አድሬ አላውቅም።