በሳሙና የታጠበው ጮጮ

በቤታችን ከሰውም ከዕቃም በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ጮጮ ነበር፤ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ የወተት ዕቃ። አያቴ ከአማቷ ተረከበችው፤ አማቷም ከአማቷ። ቅድመ አያቶቻችን ከብት እየነዱ ራያ ቆላ ሲገቡ ይዘውት መጡ ይባላል። እኔ ብዙም አልደነቀኝም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ደግሞ እኛ ዘንድ ዕቃ ትንሽ ካረጀ ዘር ማንዘር ይቆጠርለታል።

ጮጮው ውሃ አይነካውም። በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ በቃ። ውስጡ ከጭሱ ብዛት ጠቁሯል። ከቤታችን ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ በእሱ ወተት ይጠጣል። ከመጠጣቱ በፊት አያቴ «ነጋን ገሊ» ትለዋለች፤ በሰላም ግባ ማለት ነው። ከአያቶቿ ኦሮምኛ የቀራት ይኸው ምርቃት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ቆቦ ስድስተኛ ክፍል እማር ስለነበር ቤት ያለውን ሁሉ ማረም ይዳዳኝ ነበር። መምህራችን በሽታ ያልታጠበ ዕቃ ውስጥ እንደሚኖር ነግሮናል። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ያ ጥቁር ዕቃ ዓይኔ ገባ። ታሞ እንዲሄድብኝ አልፈለግሁም። አያቴ ለቅሶ ሄዳለች። ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ በራሽን ያገኘናትን ሳሙና ይዤ ወንዝ ወረድኩና ጮጮውን በአሸዋና በሳሙና ፈተግሁት። የእንጨቱ መልክ ወጣ። ኮርቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

ጠዋት እናቴ ወተቱን ቀድታ ለአያቴ ሰጠቻት። አያቴ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፤ አጥቤው ነው» አልኩ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጮጮውን መሬት አስቀምጣ፣ «ይኸ የኛ ዕቃ አይዶለም። በዚህ አልመርቅም» አለች።

ከአጥሩ ውጭ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ውጣ እያለ ይጣራል፤ መኪናው ቆቦ ቆሟል። እናቴ አያቴን ትለምናለች፣ አያቴ ወደ መሬት ታያለች። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጮጮውን አነሳና እስከ መጨረሻው ጠጣው። «ዛሬስ ወተቱ ጣፍጧል» አለና በዓይኑ ጠቀሰኝ። ከሄደ በኋላ የቀረውን ጠብታ ቀመስኩት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። አያቴ «ነጋን ገሊ» ያለችው አጥሩን ካለፈ በኋላ ነው። የሰማት አይመስለኝም።

አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። አጠገባችን ካለችው ዋጃ አብረውት ከዘመቱት አንዱ እግሩን ተቆርጦ መጣ፤ እሱም አላየሁትም አለ። ቤታችን ውስጥ ግን ሁሉ ነገር «እሱ ሲመጣ» ነበር። በሬው ሲመጣ ይሸጣል፣ ጣሪያው ሲመጣ ይከደናል። እኔ ሳሙና ሲሸተኝ ተነስቼ እወጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ከአያቴ ጋር ቤት ውስጥ ማሽላ ስንለቅም አላስችል አለኝ።

«በእኔ ምክንያት ነው የቀረው። ባላጥበው ኖሮ መርቀሽው ይመለስ ነበር» አልኳት።

እጇ ከማሽላው ላይ አልተነሳም።

«ሳሙና ሰው አይገድልም፣ ልጄ» አለች። «እሱን የገደለው ጦርነት ነው።»

እኔን ለማጽናናት ነበር የተናገረችው። ግን እስከዚያ ቀን ሞተ ያለ ሰው አልነበረም። ጓዳ ውስጥ የነበረችው እናቴ ሰማችና ጮኸች፤ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ለወንድሜ ለቅሶ የተቀመጥነው ያን ቀን ነው።